አራት ጎማ ለሁለት መኪና

«ተነሺ» አለ ዛክ፣ የጎማ መፍቻውን በእጁ እያሽከረከረ።

«አልነሳም።»

«በናትሽ ማኤሊ፣ ጣቴ ደንዝዟል። ኩርፊያሽን ለሌላ ቀን አድርጊው።»

ማኤሊ ንቅንቅ አላለችም። የተቀመጠችው በአያቷ ጋራዥ ወለል ላይ በተጋደመ አሮጌ የበረዶ ጎማ ላይ ነው። ሁለተኛውን አሮጌ ጎማ ደግሞ እግሮቿን ጭናበት ይዛዋለች። የእናቷ መኪና ከኋላ በክሪክ ተነስታ ቆማለች፤ ከፊት ሁለት አዳዲስ ጎማዎች ተገጥመውላታል፣ ከኋላ ግን ባዶዋን ናት። ማኤሊ የያዘቻቸው ሁለቱ አሮጌዎች ካልተገጠሙ የትም አትሄድም። የአክስቷ ልጅ ዛክ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የእሱ መኪና ገና በጠዋቱ ስላለቀለት የሰው ችግር አይታየውም።

«አባባ!» ሲል ተጣራ። «ይቺ ልጅ ዶሮ ሆናለች፣ ጎማ ታቅፋ ተኝታለች።»

አያቷ ሌዮንስ ከጋራዡ ጥግ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ግንድ የጫነ መኪና በኩቤክ ክፍለ ሀገር በሳግኔ ጫካ መንገድ ላይ ነድተው አንድ ቀን እንኳ ገደል ያልገቡ ሰው ናቸው። በመንደሩ ስለ በረዶ ክርክር ከተነሳ ዳኛው እሳቸው ናቸው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ ክርክርም አይነሳም። በየዓመቱ በረዶው መጣሁ መጣሁ ሲል ልጆቻቸው መኪናቸውን እያመጡ እዚህ ጋራዥ ይሰለፋሉ። የበጋው ጎማ ይወልቃል፣ የበረዶው ይገጠማል፣ የአተር ሾርባ ይጠጣል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ጎማ የሚገዛው እንደ ሌዮንስ ሕግ ነው። አራት አዲስ ጎማ ይመጣና ለሁለት መኪና ይከፈላል፤ ሁለት ለአንዱ ቤት፣ ሁለት ለሌላው። አዲሶቹ የሚገጠሙት ከፊት ነው፣ ሞተሩ የሚጎትተው በፊቱ ጎማ ስለሆነ። ከፊት የደከመው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው ጨርሶ መላጣ እስኪሆን ያገለግላል። ሕጉ እንዲመቻቸው ብለው ልጆቻቸውን ሁሉ አንድ ዓይነት መኪና አስገዝተዋቸዋል። ዘንድሮ አራቱ አዲስ ጎማዎች የደረሱት ለእሳቸውና ለማኤሊ እናት ለጊሌን ነው።

«ምንድን ነው ጉዳዩ?» አሉ አያቷ።

«አባባ፣ እነዚህ ጎማዎች ከኋላ አይገጠሙም» አለች ማኤሊ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት፤ እልህ ያዛትና ጨመረችበት። «ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። ከጎናቸው ላይ የተመረቱበት ሳምንትና ዓመት ተጽፏል፣ ይዩት። ጥፍሬን ብጭነው አይገባም፣ እንደ ጫማ ተረከዝ ደርቋል።»

«ከኋላ ነው እኮ የሚገጠመው። ከኋላ ምን ሥራ አለበት?»

«ሥራውማ ያለው እሱ ጋ ነው።»

ዛክ ሳቀ። «መንጃ ትምህርት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፣ አስተማሪ ሆናልን ቁጭ።»

ማኤሊ ትምህርቱን ይህን ያህል አልወደደችውም። አንድ ቀን ግን መምህርቷ ማዳም ቲቦ በሰሌዳው ላይ መኪና ስላ ያስረዳቻቸው ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። የፊቱ ጎማ ሲያዳልጥ መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ ፍጥነት ሲቀንስ መልሶ ይይዛል። የኋላው ሲያዳልጥ ግን መኪናው ራሱ ይዞራል። «ያኔ መሪ የያዘው ሰው ተሳፋሪ ነው» ብላ ነበር ማዳም ቲቦ። ስለዚህ ወይ አራቱም እኩል አዲስ ይሁኑ፣ ወይ ደህናዎቹ ከኋላ ይሁኑ። ማኤሊ ይህን የሰማች ዕለት ያሰበችው ስለ እናቷ ብቻ ነበር። ጊሌን በየገጠሩ መንገድ ከቤት ቤት እየዞረች አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን የምታጥብ፣ የምታበላ፣ መድኃኒት የምትሰጥ ሴት ናት። በረዶ መጥረጊያው መኪና ከመውጣቱ በፊት እሷ መንገድ ላይ ናት።

«ማኤሊ፣ ተይ በቃ» አለች እናቷ ከበሩ አጠገብ። እጆቿን ኮቷ ኪስ ከታ ቆማለች። «አባዬ ያውቃል።»

«ያውቃሉ። ይሄን ግን አያውቁም።»

እንዲህ ያለ ቃል በሌዮንስ ፊት ተነግሮ አያውቅም። ማኤሊ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት፣ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት።

«እሺ» አሉ አያቷ በዝግታ። «ምን ይሻልሻል?»

«ይግጠሙትና የቤተክርስቲያኑ ሜዳ ላይ እንሞክረው። ምንም ካልሆነ ዳግመኛ ስለ ጎማ አፌን አልከፍትም።»

«ይቺን ይወዳል» አለ ዛክ። «አባባ፣ ቀልድ ያሳዩዋት።»

ማኤሊ ተነሳች። ዛክ ሁለቱን አሮጌዎች ገጠመ።

የቤተክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ሰፊ ነው። ቄሱ በወር አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ማንም አይጠርገውም። ሐሙስ ዕለት ዘንቦበት ዓርብ ቀዝቅዞ፣ ሌሊቱን ደግሞ ስስ በረዶ አልብሶታል። ዛክና ጊሌን ከደረጃው ሥር ቆሙ። ማኤሊ ከአያቷ ጎን ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

ሌዮንስ በአርባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄደው ከመሃል ሜዳው መሪውን ወደ ግራ ቆረጡት። የመኪናዋ ጭራ ወደ ቀኝ ሸሸ። ግን ከመሸሹ በፊት የአያቷ እጅ መሪውን መመለስ ጀምሮ ነበር፤ እግራቸውም ከነዳጁ ላይ አልተነሳም። ጭራዋ አንድ ጊዜ ተወዛወዘችና ቀጥ አለች። እሳቸው ትንፋሻቸው እንኳ አልተለወጠም።

«አየሽ?» አሉ። «ምን ሆነ?»

ከደረጃው ሥር ዛክ ያጨበጭባል። ማኤሊ ተናደደች። የተናደደችው ስለተሸነፈች ብቻ አይደለም። ያየችውን ነገር እንዴት እንደምታስረዳቸው ስለጠፋት ነው። ጭራዋ ሸሽታለች። እሳቸው ይህን ያህል ዓመት ሲይዟት ስለኖሩ መሸሿን ረስተውታል።

«አሁን እናቴ ትንዳ» አለች።

«እናትሽ ለምን?»

«መኪናው የእሷ ነዋ።»

ጊሌን አልፈለገችም። «እኔን ከነገራችሁ አውጡኝ» አለች፣ ግን ልጇ በሩን ከፍታ ቆማለች፣ አባቷም ወርደው ይጠብቃሉ። ገባች። ማኤሊ ከጎኗ እንደተቀመጠች ቀረች።

ጊሌን ሜዳውን በዚያው ፍጥነት ይዛ መሪውን ወደ ግራ አዞረች። ጭራዋ ሸሸች። ጊሌን ደነገጠች፤ የደነገጠ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። እግሯን ከነዳጁ አንስታ ፍሬን ረገጠች። ከዚያ በኋላ መሪው ለጌጥ ነበር። ቤተክርስቲያኑ በፊት መስታወቱ አለፈ፣ ቀጥሎ ዛክ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ፣ ደግሞ ቤተክርስቲያኑ። መኪናዋ በስተኋላዋ ነፋስ ከሜዳው ጠርዝ ላይ የከመረው በረዶ ውስጥ ቡፍ ብላ ገባችና ቆመች።

ሁለቱም ደህና ናቸው። ጊሌን መሪውን ሙጭጭ አድርጋ እንደያዘች ናት።

«እማ?»

«ባለፈው የካቲት ዞራብኝ ነበር» አለች እናቷ ፊት ለፊት እያየች፣ ቀስ ብላ። «የወፍጮው ዳገት ላይ። ልክ እንዲህ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? አባዬ እግርሽን አንስተሽ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አንስቻለሁ።»

ማኤሊ በሩን በንዴት ከፍታ ወጣች።

ሌዮንስ ክምሩን እየዞሩ የመኪናዋን ጀርባ አዩ። «ምንም አልሆነችም። ጊሌን፣ እግርሽን አነሳሽ። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?»

«ሁሉም ሰው ያነሳል አባባ!» አለች ማኤሊ። «ማንም ሰው ሲደነግጥ ያነሳል። የማያነሱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለእርስዎማ ጎማም አያስፈልግም።»

«በመላጣም እነዳለሁ፣ እውነት ነው።»

«እሱን ነው እኮ የምለው። ጎማ የሚመረጠው እንደ እርስዎ ለሚችል ሰው አይደለም። ለማይችለው ነው። ስምንት ሽማግሌ አጥቦ ደክሞት ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ነው።»

ዛክ አፉን ሊከፍት ሲል የጊሌንን ፊት አየና ተወው። አያቷ ግን፣ ሁልጊዜ ነገር ሲጠፋቸው እንደሚያደርጉት፣ መፍትሔውን በራሳቸው ትከሻ ላይ ጫኑት።

«እንግዲያው ነገ ወደ ዋና ውድድርሽ እኔ እወስድሻለሁ» አሉ። «የፓርኩን መንገድ እኔ ነኝ የምነዳው። እናትሽ ከኋላ ትተኛ። አሁን ወደ ቤት ግቡ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

ዛክ እፎይ አለ። «ይኸው፣ ተፈታ። አንቺም ትዋኚያለሽ፣ አባባም ይነዳሉ።»

ነገሩ እውነትም የተፈታ ይመስል ነበር። ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ማኤሊ ኩቤክ ከተማ ገንዳ ውስጥ መሆን አለባት። የሁለት መቶ ሜትር የቢራቢሮ ዋና ነው፣ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን የሚመረጡበት። ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። በመካከል ያለው ፓርኩ ነው፤ ቤት የሌለበት፣ ስልክ የማይሠራበት፣ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ የሆነ የሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ጫካ። አያቷ ከነዱ በሰላም እንደምትደርስ ታውቃለች። ለስድስት ዓመት ጎሕ ሳይቀድ ወደ ገንዳ የወሰዷት እሳቸው ናቸው፤ ሰዓቷን በእጃቸው የሚይዙላት፣ ጠዋት ጠዋት ቡና የሚጠጡበትን የመንደሩን ምግብ ቤት ሰዎች በውጤቷ የሚያሰለቹት እሳቸው ናቸው። እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚቀራት።

ከዚያስ? ማኤሊ አሰበችው። እሑድ ይዋኛል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ነገሩም ይረሳል። ሰኞ እናቷ ብቻዋን በእነዚህ ጎማዎች ትወጣለች። እስከ ሚያዝያ በእነዚህ ጎማዎች ትወጣለች።

«አልሄድም» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ አያቷ።

«ነገ አልሄድም። ለእኔ እርስዎ ይነዱልኛል። ለእሷ ሰኞ ማን ሊነዳላት ነው?»

«ማኤሊ፣ አትቀልጂ» አለች እናቷ። «ሁለት ዓመት ነው እኮ የለፋሽው!»

«አልቀለድኩም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ዛክ፣ ግን ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሼም ነው። በጎማ?»

ማኤሊ ስልኳን አወጣች። አሠልጣኟ ጆአኒ ትናንት ማታ ቀድማ ኩቤክ ገብታለች፤ ከክለባቸው ለምርጫው የደረሰችው ማኤሊ ብቻ ናት። ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ጆአኒ፣ እኔ ነኝ። ነገ አልመጣም።» ጆአኒ በሌላው ጫፍ ስትጮኽ ሦስቱም ሰሟት። «አይ፣ አልታመምኩም። መኪናው ለመንገድ አይሆንም... አዎ፣ ጎማው... አውቃለሁ። ተኪ እንዳላቸው አውቃለሁ። ስሜን ስጪያቸው፣ ይሰርዙት።»

ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ቆጫት። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። ያም ሆኖ ቃሏን አላጠፈችም፣ ከአያቷም ፊት ላይ ዓይኗን አላነሳችም። አያቷ የተመቱ ይመስሉ ነበር። ለነገ ብለው የሰዓት መያዣቸውን ባትሪ ጠዋት ሲቀይሩ አይታቸዋለች።

መኪናዋን ከክምሩ ገፍተው አወጡና ወደ ጋራዡ ተመለሱ። የሌዮንስ መኪና እንደወትሮው ጥግ ይዛ ቆማለች። አሮጌዎቹ ከኋላ፣ ሁለቱ አዳዲስ ጎማዎች ከፊት ናቸው፤ ከጊሌን ጎማዎች ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የተገዙ።

ጊሌን ኮቷን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

«አባዬ» አለች። «ባለፈው የካቲት የወፍጮው ዳገት ላይ መኪናው ዞሮብኛል።»

ሌዮንስ ቀና አሉ።

«ወደ ግራ ተሻግሬ ነው የቆምኩት። ከላይ ግንድ የጫነ መኪና እየመጣ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ በጠርዙ አለፈኝ። በመሃላችን ምን ያህል እንደቀረ አላውቅም፤ መስታወቱን ግን ቀርቦ አይቼዋለሁ።»

ግንድ የጫነ መኪና በዚያ ቁልቁለት ላይ ለማቆም ስንት ሜትር እንደሚፈጅ ከሌዮንስ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱን ማስረዳት አላስፈለጋትም። አያቷ በአንድ እጃቸው የሥራ ጠረጴዛውን ያዙ።

«እስካሁን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝማ። ሁልጊዜ የምትነግረኝ አንተ ነህ።»

ይህን ብላ ክሪኩን እየጎተተች ወደ አባቷ መኪና ሄደች። ከፊት ጎማው አጠገብ አስገባችው።

«ጊሌን፣ የኔ መኪና ናት እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ። ሁለቱ አዳዲሶች ከእኔ መኪና ኋላ ይገጠማሉ።»

«እኔስ በምን ልሄድ ነው?»

«ሌላ እስኪመጣልህ ቤትህ ትቀመጣለህ። ዳቦህን ማኤሊ ታመጣልሃለች።»

«ምግብ ቤቱስ?»

«ያለ አንተም ይከፈታል አባዬ።»

ዛክ ወደ ማኤሊ አየ፣ ማኤሊም ወደ ዛክ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው ጊሌን፤ ለአባቷ እንቢ ስትል ያያትም የሰማትም የለም። የክሪኩን ዘንግ መጫን ጀመረች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። መኪናው ከፊቱ ትንሽ ቀና አለ።

«ቆይ» አሉ ሌዮንስ።

ጊሌን ዘንጉን ሳትለቅ ቆመች። አያቷ እዚህ ላይ ከከለከሉ ማኤሊ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር።

«ብሎኑ የሚላላው ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ። «ከተነሳ በኋላ አብሮሽ ይዞራል። አውርጂው።»

ጊሌን ክሪኩን መልሳ አወረደች።

ማኤሊ የጎማ መፍቻውን ከዛክ እጅ ሳትጠይቀው ወሰደች። ተንበርክካ የመጀመሪያው ብሎን ላይ ሰካችው፣ ገፋችው፣ ፍንክች አላለም። ሌዮንስ ያጠበቁት ነገር በእጅ አይላላም። ተነስታ በሁለት እግሯ መፍቻው ላይ ቆመች፣ አንዴ እንጣጥ አለችበት። ብሎኑ ጮኾ ላላ።

ወደ ሁለተኛው ዞረች።